በሕያው አለቃ ላይ የተመታ የመርዶ ከበሮ

የተጠርጣሪ ቃል
ስም፦ ወ/ሮ ሌኒያ ፎስቲኖ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ደረቅ ዓሣ ሻጭ
አድራሻ፦ ማላዊ፣ ንሳንጄ ወረዳ፣ ንያምፎታ መንደር
ቀን፦ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2022፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ምቢዚ

የተጠረጠርኩት የመንደራችን አለቃ የቻፒንጋን የመርዶ ከበሮ ያለ ፈቃድ በመምታት መሆኑ ተነግሮኛል። መትቻለሁ፤ አልክድም።

በዚህ የዝናብ ወቅት ሁለት ጊዜ አውሎ ነፋስ መትቶናል። በመጀመሪያው የቤቴ ቆርቆሮ ተገነጠለ፣ በሁለተኛው ማሽላዬ ታጠበ። ከዚያ የወረዳ ሰዎች በድምፅ ማጉያ ወንዙ ሊሞላ ነው ውጡ እያሉን ሁለት ጊዜ ወጥተን ሳይሞላ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያ የሚሰማ ሰው የለም።

ፌብሩዋሪ 6 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ዓሣ ልረከብ ወንዝ ወርጄ ሳለ ውሃው ቀልቶ፣ የቤት ክዳንና ከነገመዷ የታሰረች ፍየል ይዞ ሲወርድ አየሁ። ገበያ ገብቼ ሽሹ ብል፣ በብስክሌት ሰው የሚያመላልሰው ጆሳሙ «እማማ ሌኒያ፣ ገበያተኛውን አባረው ዓሣውን ለማን ሊሸጡት ነው?» ብሎ አሳቀብኝ።

በእኛ ዘንድ ያ ከበሮ የሚመታው አለቃ ሲሞት ብቻ ነው። የሰማ ሁሉ ድስቱን እሳት ላይ ትቶ፣ ልጁን አዝሎ ኮረብታው ላይ ወዳለው የአለቃው ግቢ ይሮጣል። የቀረ ሰው ገዳይ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። አባቴ የከበሮው መቺ ስለነበር አመታቱን አውቃለሁ። ኮረብታውን ወጥቼ መታሁት።

መንደሩ እየጮኸ ወጣ። ከሁሉም ያለቀሰው ጆሳሙ ነው። አለቃው ከቀን እንቅልፋቸው ተነስተው «ማነው የሞተው?» ሲሉ «እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ወዲያው ውሃው ከታች ገበያውን ጠራርጎ ሲወስደው ሁላችንም አየን። አንድም ሰው አልሞተብንም።

አለቃው ግን በቁሜ አስለቀሰችብኝ ብለው ከሰሱኝ። በሕዝብ ፊት ተንበርክኬ ሁለተኛ አይለምደኝም ካላልኩ ከመንደሩ እንድወጣ ወስነዋል። ሳጅኑም የአለቃን ክብር አስረድተው ይቅርታ ጠይቂ ብለውኛል። ለቀባሪው አረዱት። የተወለድኩበትን መንደር አልለቅም፤ አልንበረከክምም። ውሃው ተመልሶ ከመጣ አለቃውን ደግሜ እገድላቸዋለሁ። ሳጅኑ ይህን አልጽፍም ብለው ነበር፤ ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፏል።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ ያልኩት ሁሉ ሳይጨመርና ሳይቀነስ መስፈሩን ሰምቼ፣ እውነት ነው ስል አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የተጠርጣሪዋ የጣት አሻራ፦ (አለ)
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ምቢዚ (ፊርማ)
ሲነበብ የሰማ እማኝ፦ ጆሳሙ ንያዳ፣ ብስክሌተኛ (ፊርማ)