ሆስፒታል የሚሉት ቤት

ሱሪ ለማሳጠር ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎራ ስል ክርክር ላይ ደረስኩ። ሽማግሌው ግራ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው በቀኙ ብቻ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። ላቲን የምታጠናው የእህታቸው ልጅ አጠገባቸው ቆማለች። የእግራቸው ቁስል አመርቅዟል፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልተኙ እግሩ እንደሚቆረጥ ሐኪሙ ነግሯቸዋል።

ቁስሉን ያሰሩት ከመቁረጫው ጠረጴዛ በተረፈ ብጣሽ ነው። አዲስ ጨርቅ ማንም ስላልለበሰው ንጹሕ ነው ባይ ናቸው። ልጅቱ ስንት እጅ እንደዳሰሰውና ወለል ላይ እንደወደቀ ብትነግራቸውም አልሰሙም። ኋላ አጥብቃ ስትይዛቸው ዋናውን ምክንያት አወጡት።

«የሰው ግብዣ በልቼ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። አሁን ተጋድሜ የማላውቀው ሰው ሊያጥበኝ ነው? ሆስፒታል ጧሪ ያጣ የሚወድቅበት ቤት ነው።»

«ቃሉ እንኳ እንደዚያ አይልም፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ እንግሊዝኛው ከላቲን የወረሰው ይህ ቃል በጥንቱ የእንግዳ ማረፊያ ማለት እንደነበር፣ መንገደኛውም ድሃውም በሽተኛውም እንደሚያርፍበት፣ ለሕሙማን ብቻ የሆነው ዘግይቶ እንደሆነ በቀስታ አስረዳቻቸው።

«ሥሩ ሆስፔስ ነው። ሮማውያን እንግዳውንም አስተናጋጁንም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።»

«ስም አጥሯቸው?»

«ዛሬ ያስተናገደ ነገ ይስተናገዳላ። እኔስ ልጅ ሆኜ ስማር የተኛሁት በማን አልጋ ነው? መልሺ ብለውኛል?»

«አንቺማ ልጄ ነሽ።»

«መስተናገድ ውርደት ከሆነ፣ ያኔ እኔን አዋርደውኛል ማለት ነው።»

ሽማግሌው መኪናውን መርገጥ ተዉ። የቃል ታሪክ ቁስል እንደማያድን ልጅቱም ታውቃለች፤ የሚያድነው መድኃኒትና ንጹሕ ፋሻ ነው። ግን ብዙ በሽተኛ ከቤት የማይወጣው መድኃኒቱን ንቆ ሳይሆን ክብሩ የሚነካ መስሎት ነው።

«የሚያጥበኝ ሴት ናት ወንድ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ተረኛ የሆነው።»

«እንግዲያው ደህና ካናቴራ አምጪልኝ።»

እግራቸው ተረፈ። ሁለት ጣት ግን አጡ፤ ቀደም ብለው ቢመጡ እነሱም በተረፉ ነበር ብሏል ሐኪሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ጎናቸው የተኛው ሰውዬ «ሰው ከማስቸግር ቤቴ ልግባ» እያለ ጫማውን ይፈልጋል። ሽማግሌው ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«አርፈህ ተኛ፣ ወንድሜ» አሉት። «አሁን ተራው ያንተ ነው።»