መስኮት የሚፈሩት ጋሼ

አስም ያለባትን ልጄን ታቅፌ መርካቶ፣ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ታክሲ ተሳፈርኩ። የታክሲው ጭስ በወለሉ ይገባል፤ ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ግን መስኮቱን ዘግተውታል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ጀመረቻቸው።

«ጋሼ፣ ይክፈቱት እንጂ፤ በጭስ አለቅን!»

«ብርድ ይመታኛል፣ ልጄ።»

«በዚህ ሙቀት? ዘንድሮ መርካቶ አፋር ሆኖ!»

«ብርድ እኮ ሙቀት አይፈራም።»

«እንግዲህ እዚሁ ቋንጣ ሆነን መቅረታችን ነው።»

«ቋንጣ ምን አለው? ዓመት ይቆያል!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ልጄን ሳል ያዛት። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋትና መስኮቱን ከፈቱት፤ ወዲያው በጎናችን ያለው አይሱዙ ጥቁር ጭሱን ለቀቀብን።

«ይዝጉት፣ ጋሼ! ኧረ ይዝጉት!»

«አላልኩም? የመርካቶ ነፋስ ክፉ ነው!»

እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እጄን ግን ከልጄ ደረት ላይ አላነሳሁም።