በግራሽ ነኝ

ኧረ ሎርና፣ ተመልከቺ! ተራራው ወጣ! ስንት ሳምንት ደመና ውስጥ ተደብቆ ከርሞ፣ አንቺ እህቴ ከፌርባንክስ እስክትመጪ ጠብቆ ወጣልሽ። አስፋልቱማ ሰው በሰው ሆኗል፤ ሯጩ፣ ብስክሌተኛው፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋው፣ ሁሉም ተራራ ሊያይ ወጥቷል። ጠጋ በይ፣ አግዳሚው ይበቃናል። ሳንድዊቹንም አውጪው፣ የሳልሞኑ ሽታ ገደለኝ። ባሕሩ ግን ዛሬ ሸሽቷል፣ ጭቃው ብቻ ነው የቀረው... አይ፣ ምንም ማለቴ አይደለም! የሸሸ ባሕር ማታ ይመለስ የለ?

ማን? እዚያ ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማ የሚነፋው ሰውዬ? ተይው፣ አይሰማም። እኛ ስንመጣ የተነፋ ጎማ ነው፣ አሁንም እየነፋው ነው። ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል፣ አየሽ? ለብስክሌት የተተኮሰ ሸሚዝ! ደህና ቀጠሮ ቢኖረው ነው። እኔ የማወራልሽ ስለ ሌላ ሰው ነው።

በስልክ የነገርኩሽ ሰው አለ አይደል? በጸደይ እዚሁ አግዳሚ ላይ "አግቢኝ" ያለኝ። ትዕግሥቱ እኮ ለጉድ ነው! "አትቸኩይ፣ ተራራው የወጣ ቀን መልስሽን ትነግሪኛለሽ" አለኝ። እንዲህ ያለ አነጋገር ከየት ይመጣል? እኔማ በየማለዳው መስኮት እየከፈትኩ ደመናውን ስሳደብ ከረምኩ። አልዋሽሽም፣ እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ እዚሁ መንገድ ላይ ወጣን፤ እኔ በእግሬ፣ እሱ በብስክሌቱ ከጎኔ ቀስ እያለ። የድብ ማባረሪያ መርጫውን ደረቱ ላይ ታጥቋል። ስለ አውሬ የማያውቀው ነገር የለም! "እኔ እያለሁ ምንም አትፍሪ" ይለኛል። እኔም አልፈራሁም... እሱ እያለ ምን ያስፈራኛል? እዚያ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ አንዲት ግዙፍ አጋዘን፣ ሙስ፣ ከነጥጃዋ ከጫካው ብቅ አለች፤ ቁመቷ ፈረስ ያስንቃል። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች፣ የጀርባዋ ጸጉር ቆመ፣ መጣች!

ሌላ ወንድ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ይደነግጣል፣ ይጮኻል፣ ከሴት ፊት ልቁም ብሎ ይረገጣል። እሱ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም። እንዴት ያለ ጉልበት መሰለሽ... በዚያ ዕድሜው! ደወሉን ቅጭል ቅጭል አደረገና፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ "በግራሽ ነኝ!" አለኝና ሽው ብሎ አለፈኝ። ገባሽ? ቀድሞ የሚያልፍ ሰው እዚህ መንገድ ላይ ማለት ያለበትን አለ። በዚያ ጥድፊያ መሀል ደንብ የሚያስታውስ ሰው ስንት አለ?

እኔ ሞኟ ደግሞ የዚህ መንገድ ልጅ አይደለሁ! "በግራሽ" ሲሉኝ ወደ ቀኝ እያልኩ ነው ያረጀሁት። እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ቀኝ ጠጋ ብዬ መንገድ ለቀቅኩለት። በቀኝ ያለችው ማን ናት? ሙሷ! ሳቂ፣ ሳቂ... እኔም ከቅዳሜ ጀምሮ ስስቅ ጎኔን አሞኛል።

ያቺን ቀጭን የበርች ዛፍ ታያታለሽ? ከኋላዋ ተለጠፍኩ። ሙሷ ስትዞር እኔም እዞራለሁ፣ እኔ ስዞር ሙሷም ትዞራለች፤ የሰርግ ጭፈራ ነበር የሚመስለው! በመጨረሻ ሰለቻትና ጥጃዋን አስከትላ ገባች... ዛፍ ግን ምን ደንብ ያውቃል እህቴ? ደወል የለው፣ ፍጥነት የለው። ዝም ብሎ አጠገብሽ መቆም ብቻ።

እሱን መኪና ማቆሚያው ጋ ደህና ሆኖ አገኘሁት፣ ተመስገን! "እርዳታ ልጠራልሽ ብዬ እኮ ነው" አለኝ። ሲጠራ ግን አፉ በምግብ ተይዞ ነበር። ግማሹን ሳንድዊች አስቀርቶልኛል፣ ሆዳም እንዳይመስልሽ። የድብ መርጫውም እንዳለ ነው፣ ጠብታ አልባከነም። ዕቃውን እንዲህ የሚጠብቅ ሰው... ሚስቱንማ እንዴት አድርጎ ይጠብቃት ይሆን?

እይው እስቲ ተራራውን፣ ከአናቱ እስከ እግሩ! ደመናው ሲገፈፍ እኮ ሁሉም ነገር ልኩ ይታያል። በይ እንግዲህ፣ ቀኑ ደርሷል፤ ቃል ቃል ነው። ያ ሰው መንገድ ላይ ካጋጠመን እያለፍኩ መልሴን እነግረዋለሁ... ውይ፣ ሰውዬው መንፋቱን አቆመ፣ ሰማሽ? ጎማው እንዳይፈነዳ ሰግቶ ይሆናል፤ ጠንቃቃ ነው።

ተነሺ እንሂድ። በየት በኩል እንለፈው? በግራው ነዋ! ደወል የለኝም፣ በአፌ ላድርገው፤ ቅጭል ቅጭል... በግራዎ ነኝ፣ ጌታዬ!

አሜን በይ ሎርና፣ ያንን ሰው ልመርቀው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። መንገዱን ሁሉ ያቅናለት፣ ጉልበቱን ያጽናለት። ሚስትም እግዜር አይንሳው፣ ያውም ቀስ ብላ የምትራመድ። የትም ይሂድ የት፣ ከኋላው ሰው አይጣ።