አይጧ፣ እኔና የሳባ እናት

የእጮኛዬ የሳባ እናት፣ እትዬ አስካለ፣ መኪናዬን ሊያዩ ጉለሌ እኛ ሰፈር የመጡ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። አሮጌ ሚኒባስ ገዝቼ፣ ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋና ምድጃ ገጥሜበት፣ በእረፍቴ ቀን ከከተማ እየወጣሁ አድርበት ነበር። እሳቸው ግን "መኪና ውስጥ የሚተኛ ቤት ያጣ ሰው ነው" ብለው ልጃቸውን ሊከለክሉኝ ምንም አልቀራቸውም። አይጥ አስቸግራኝ ስለነበር ቀዳዳውን ሁሉ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቄ ደፍኜው ነበር። ከሳባ ጋር ገብተው ሲቀመጡ፣ "አሁንማ እንኳን አይጥ ጉንዳንም አይገባም፣ እትዬ" አልኳቸው በኩራት።

ተናግሬ ሳልጨርስ አይጧ ከምድጃው ስር ወጥታ በጫማዬ ላይ አለፈች። ለካስ እዚያው ውስጥ እያለች ነው የዘጋሁባት። እኔ እየጮህኩ አልጋው ላይ ስወጣ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ተላተመ። ሳባ ተረጋግታ በሩን ከፈተችና በመጥረጊያ ገፋ ገፋ አድርጋ አስወጣቻት። እትዬ አስካለ በሳቅ ፍርስ ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

"ውረድ ልጄ፣ ሄዳለች" አሉኝ።

እኔ ስወርድ ወደ ሳባ ዞረው፣ "አግቢው በቃ፤ ይሄን ሰው ብቻውን መተው ኃጢአት ነው" አሏት።