ሚሊሜትርና የአዝራሩ ቆርቆሮ

የኮቴ ገበር በብብቱ በኩል ተተርትሮ ስለነበር ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሚሊሜትር» ነው የሚላት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንደ እሷ ለልክ የሚጨነቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ አንዲት ስፌት ብታፈነግጥ እጅጌውን በሙሉ ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች።

እንደ አጋጣሚ የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ የድሮ ተማሪዬ፣ የነጭ ጋዋኗ አዝራር ወድቆባት መጥታለች። ልብስ ሰፊዋ ምትክ ፍለጋ የአዝራር ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፈው ከአዝራሮቹ መሐል አንድ እሽግ መድኃኒት ዱብ አለ። ልጅቷ አንስታ አገላበጠችው።

«እትዬ፣ ይህ እኔው የሰጠሁዎት ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይደለም እንዴ? አንድም አልተነካም!»

ወሬው ወደ ሴቶች ጉዳይ ማምራቱ ስለገባኝ ልወጣ ብድግ አልኩ።

«ይቀመጡ መምህር፤ ሚስጥር የለውም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የእንቅልፍ ክኒን እኮ ነው። የመጀመሪያውን እሽግ ጠዋት ጠዋት እየዋጥኩ የስፌት መኪናው ላይ ሳንቀላፋ ጣቴን ልሰፋው ነበር። አብሮ የታዘዘልኝ ሌላኛው ክኒን ግን ያን በዕድሜ የመጣብኝን፣ ፊቴን የሚለበልበኝን ወላፈን ድራሹን አጥፍቶልኛል። ስለዚህ የሚሠራውን ያዝኩ፣ የሚያስተኛውን እንቅልፍ ላጣችው እህቴ አስቀመጥኩላት። ከዛሬ ጀምሮ ትሞክረዋለች።»

ታላቅ እህቷ ከሱቁ መጋረጃ ኋላ ሱሪ ይተኩሳሉ። እኔ በልጅቷ ቦታ ብሆን እጮህ ነበር። እሷ ግን ኮቴን ከእጄ ተቀብላ ውስጡን ገለበጠችው።

«እትዬ፣ ገበር ልኩን ቢያልፍ ምን ይሆናል?»

«ይሸበሸባል፣ ከታችም ይወጣል። ከእኔ እጅ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም እንጂ!»

«ማህፀንም የውስጥ ገበር አለው። ወላፈኑን ያጠፋልዎት ኤስትሮጅን ያንን ገበር ያወፍረዋል፤ ፕሮጄስትሮን ልኩን ያስጠብቀዋል። ማህፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅኑን ብቻውን ከወሰደችው ገበሩ እየወፈረ ሄዶ ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።»

«ወይ ማስፈራራት! እናቶቻችን ሁለቱንም ሳያውቁ ኖሩ አይደል?»

«ያለ ሁለቱም መኖር ይቻላል፤ አደጋው አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ነው። እንቅልፉም ቢሆን ጠዋት ስለወሰዱት ነው። ሐኪሙ 'ሲተኙ' ብሎ የጻፈው ለዚሁ ነበር። እኔም አስረግጬ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁባት። የተማረ ሰው ጥፋቱን ተካፍሎ ሲመክር መስማት ብርቅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም።

«እሺ፣ እኔስ ልሳሳት። እህቴ ትንሽ እንቅልፍ ብታገኝበት ማን ይጎዳል?»

«እህትዎ ከዚህ በፊት ያገኛቸው ሕመም አለ?»

ሚሊሜትር አዝራሮቹን ወደ ቆርቆሮው መመለስ ጀመረች። መልሱ የመጣው ከመጋረጃው ኋላ ነው። «በካንሰር ምክንያት ጡቴን ቀዶ ሕክምና ከተደረግሁ ስድስት ዓመቴ። ንገሪያት እንጂ!»

«እንዲህ ላለ ሰው ሆርሞን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጥም፤ ሊጎዳቸው ይችላል» አለች ልጅቷ በቀስታ። «እትዬ፣ በአንዷ ደንበኛ ልክ የሌላዋን ቀሚስ ቀደው ያውቃሉ?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ለራሷ ያልፈራች ሴት ለእህቷ ስትደነግጥ አየሁ። በደከመ ድምፅ «ልጄ፣ ከሰሞኑ ደም እየታየኝ ነው። የወር አበባዬ ከቆመ አራት ዓመቱ። ወጣትነቴ ተመለሰ ብዬ ዝም አልኩ» አለች።

ማንም አልሳቀም።

«ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው» አለች ልጅቷ እጇን ይዛ፤ «ግን ዝም አይባልም፤ ዛሬውኑ መታየት አለበት። ሐኪሙ እስኪያይዎት ድረስም በራስዎ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ።»

እህትየው ካውያውን ነቅለው ወጡ። «ተነሺ፤ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ።»

ኮቴን ልወስድ የተመለስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የማህፀኗ ገበር ወፍሮ ተገኝቷል፤ ካንሰር ግን አልነበረበትም። በጊዜ በመድረሷ በመድኃኒት የሚስተካከል ሆነ። ሐኪሙ በጻፈላት አዲስ ትእዛዝ መሠረት ፕሮጄስትሮኑን ስትተኛ ትውጠዋለች፣ ጠዋት ዓይኗ ፈጦ ትሰፋለች። እህትየውም ለእንቅልፋቸው የራሳቸውን ሐኪም አማክረዋል። የደንበኞች ልክ በሚጻፍበት ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሁን የራሷ የመድኃኒት ሰዓት ሰፍሯል። የደንበኞቿን ወገብ ስትለካ «ሁለት ከታዘዘልሽ ሁለቱንም ትወስጃለሽ?» ብላ በጆሯቸው ትጠይቃለች አሉ። ሐኪም ቤት ብዙ ወረቀት ለጥፎ ያላገኘውን ሰሚ እሷ በሜትር ገመዷ አገኘችው።

ኮቴን አለበሰችኝ፤ ገበሩ እንከን የለውም። ቀጥላ ከመሳቢያዋ ግማሹ ያለቀ የክኒን እሽግ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው። ለጉልበቴ ብዬ ከጎረቤቴ የተዋስኩት፣ በኮቱ ኪስ ውስጥ የረሳሁት ነበር።

«መምህር፣ ይሄኛው ደግሞ በማን ልክ ነው የተሰፋው?»

እሽጉን እንደያዝኩ ከሱቁ ወጥቼ ቀጥታ ወደ ተማሪዬ መድኃኒት ቤት ሄድኩ።