የገደል አፋፍ ቀበሌ

(በእንግሊዝ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች መንደር፤ አቶ ድንበሩ አካፋ ይዟል፣ ሚስቱ የውብዳር ጎመን መደቧ ላይ ቆማ መንገዱን ዘግታበታለች።)

የውብዳር፦ አንዲት ቅጠል ብትነካ አካፋው አናትህ ላይ ነው የሚያርፈው!

ድንበሩ፦ አንቺ ሴትዮ፣ ሬዲዮ የምሰማባት ጎጆዬ ገደል ልትገባ ነው! ጠዋት ባሕሩ ሌላ ጉማጅ መሬት ገመጠ። ጎትቼ እዚህ ካላስጠጋኋት ሬዲዮዬን ዓሣ ነው የሚሰማው።

የውብዳር፦ ስትሠራት ምን አልኩህ? “ነፋሱ ደስ ይላል” አልከኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ድንበሩ፦ ባሕሩ ያኔ ሩቅ ነበራ!

የውብዳር፦ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነዋ። ደግሞ ስምህ ድንበሩ! ለመንግሥት ለምን አታመለክትም?

ድንበሩ፦ ለየትኛው? የዚህ አገር መንግሥት ሽንኩርት ነው፤ ብትልጪው ብትልጪው ማስለቀስ ብቻ። ካውንቲ የሚሉት የአውራጃው ምክር ቤት “እኛ የምንጠግነው መንገድ ነው፤ ጎጆዎ መንገድ ናት?” አለኝ።

የውብዳር፦ ከእሱ በታች ያለው ዲስትሪክቱስ?

ድንበሩ፦ “እኛ ቆሻሻ እናነሣለን፤ ከወደቀች በኋላ ይምጡ።” ታች ያለው አሸዋ ደግሞ የንጉሡ ነው አሉ።

የውብዳር፦ እሱንስ ተወው፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ያ የወርቅ ሐብል የሚያጠልቀው ከንቲባስ?

ድንበሩ፦ እጁን ይዤ አለቀስኩ። አብሮኝ አለቀሰ። ከዚያ “የኔ ሥልጣን ሪባን መቁረጥ ብቻ ነው” ብሎ ሻይ ጋበዘኝ።

የውብዳር፦ ከጓሯችን ያለው ባዶ ሜዳ የፓሪሹ ነው። ሄደህ እነሱን ለምናቸው፤ ጎመኔ ምን አደረገህ?

ድንበሩ፦ ፓሪሽ ማለት ቀበሌ አይደል?

የውብዳር፦ ያው በለው።

ድንበሩ፦ እንግዲያው እግሬን አላነሣም! አገር ቤት በቀበሌ ስብሰባ ያለቀው ዕድሜዬ ይበቃኛል። እሑድ ራሱ በር አንኳኩተው “ለምክር ቤታችን ሰው ጎደለን” ሲሉ አልጋ ሥር ገብቼ አይደል የተረፍኩት?

የውብዳር፦ እግርህ ወጥቶ ይታይ ነበር።

ድንበሩ፦ ታዲያ ምን ብለሽ ሸኘሻቸው?

የውብዳር፦ “እሱ አልጋ ሥር ነው፣ እኔ ግን አለሁ” አልኳ! ሌላ ተወዳዳሪ ቢጠፋ በጭብጨባ አለፍኩ። የሜዳውንም ጉዳይ ለእኔ ሰጡኝ።

ድንበሩ፦ ውቤ! እመቤቴ! በይ ፍቀጂልኝና አሁኑኑ ወደ ሜዳው ልጎትታት!

የውብዳር፦ መጀመሪያ ኮትህን ቆልፍ። አካፋ ይዞ ቢሮ አይገባም።

ድንበሩ፦ የምን ቢሮ? ጎመን ላይ ነው የቆምሽው! ስሚያት፣ ጎጆዬ ሲጢጥ እያለች ነው!

የውብዳር፦ ነገ ተመለስ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት።