አምስተኛው አስራ አራት ቀን

እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? … አይነሱ፣ አይነሱ፤ የስፌት መኪናዎንም አያቁሙ። በሩን እንዲሁ ገርበብ እንዳለ ይተዉልኝ፣ እኔም ከዚህ ከደረጃው እጥፋት አላልፍም። ከታች ሆኜ መጮሄን ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ ወደ ሰው አትጠጊ ተብያለሁ። … ኧረ ደህና ነኝ፣ በእግሬ ቆሜ የለም እንዴ? ይልቅ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዚያች ሙሽራ ቀሚስ አለቀ? … ሦስት ጊዜ አስጠበበችዎት? አገር ሁሉ ቤት ተቀምጦ ሲወፍር እሷ መክሳቷም አንድ ነገር ነው።

ፊት ለፊትዎ ያለውን በር? አላንኳኳም። ወንድምጋሼ አረፍ ብሎ ይሆናል። ወረቀት ለጥፎ የለ፣ «በሐኪም ምክር ተገልያለሁ» የሚል… የእጅ ጽሑፉ እንዴት ያምራል። የቤት ፕላን የሚነድፍ ሰው ሲጽፍ እኮ እንዲህ ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል በማስመሪያ የተለካ። ወለሉ ላይ ያለውን ቢጫ መስመርም ራሱ ነው የለጠፈው፤ ከበሩ እስከ መስመሩ ልክ ሁለት ሜትር። እኔ ከመስመሩም ወዲህ አንድ ሙሉ ደረጃ ነኝ፤ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

እንግዲህ ድምፄን ከፍ የማደርገው መኪናዎ እንዳይውጠው ብዬ ነው። ለሌላ ለማንም አይደለም።

ጨዋታ ላምጣልዎት? አንድ ሰው አውቃለሁ… ማን እንደሆነ አይጠይቁኝ፣ ሰው ማማት አልወድም። ጥንቁቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ አይተው አያውቁም፣ ወይም በየቀኑ ያዩት ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ይህ ሰው አሮጊት እናት አለችው። ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ከዋለች ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ገላዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባት። ከእሱ በታች አንዲት እህት አለችው፣ ላውንደሪ ቤት የሆቴል አንሶላ የምትተኩስ፣ እዚህ ግባ የማትባል ሴት። ሁለቱ ተነጋገሩና እናታቸውን አስራ አምስት አስራ አምስት ቀን በየቤታቸው ሊያስታምሙ ተስማሙ። እሱ ሦስት ክፍል አለው፣ እሷ አንድ። ሐሳቡን ያመጣው ማን ይመስልዎታል? እሱ። ፍትሕ ይወዳል። ሠንጠረዥ ሠራ፣ የእሷን ቀን በአረንጓዴ፣ የራሱን በሰማያዊ ቀለመ፣ ወስዶም እሷ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እንዴት ያለ ሰማያዊ መሰለዎት፣ ዓይን ያሳርፋል። እናትየውም ከአልጋዋ ሆና ስታየው ነው የምትውለው፤ ሌላ ከልጇ የምታየው ነገር የላትማ።

ከዚያ ይህ ወረርሽኝ መጣ። የመጀመሪያው ጊዜ እውነት ነበር፣ አልዋሽም። ቢሮው ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ታመመ፣ ሐኪሙም አስራ አራት ቀን ራስህን አግልል አለው። ማን ይፈርዳል? እህትየው አለቀሰች እንኳ። ሾርባ በፔርሙዝ እያመጣች በሩ ላይ አስቀምጣ ትሸሽ ነበር። አስራ አራቱ ቀን ሲያልቅ ከተራው የቀረችው አንድ ቀን ናት። «ለአንድ ቀን ብለን እናታችንን ከምናንገላታ» አለ። ሆደ ቡቡ ነው፣ የእናቱ መንገላታት አይሆንለትም።

ሁለተኛው ሰማያዊ ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ አስነጠሰው። ያ ፀጉር አስተካካይ ይኸው ዛሬም ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያፏጫል፤ ሰውየው ግን አስራ አራት ቀን ቆጠረ። ሦስተኛው ላይ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ምድር ቤት ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማው። ጆሮውን ያውቁታል… ማለቴ፣ የዚህ ዓይነት ሰው ጆሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ያስቡት። አራተኛው ላይ የአክስቱ ልጅ ስልክ ደውላ ነበር፣ አፍንጫዋም የተደፈነ መሰለው። ይስቃሉ? እኔ እኮ አልሳቅኩም። አምስተኛው ትናንት ጠዋት ነው የጀመረው። ከመስኮቱ ሥር አውቶቡስ ቆመ፣ ውስጡም አንድ ሰው አፉን በክርኑ ሲሸፍን አየ። አላደመጠም፣ አየ ነው የምልዎት። መሐላቸው የአውቶቡሱ መስታወት አለ፣ የእሱ መስታወት አለ፣ አራት ፎቅ አየር አለ። አይ ጥንቃቄ።

ሐኪሙስ ምን አለ ነው የሚሉት? ከመጀመሪያው በኋላ ሐኪሙን አላስቸገረውም። ለምን ያስቸግረዋል፣ ምክሩን በቃሉ ይዞታል። እኛ ላውንደሪ ቤት አለቃችን አንዱን ነገር አስር ጊዜ ነግሮን አንድ ጊዜ አንሰማም፤ ይህ ሰው አንድ ጊዜ ተነግሮት አምስት ጊዜ ሰማ። እንዲህ ያለ ታካሚ ቢበዛማ ሐኪሞቹ እፎይ ባሉ ነበር።

በሽታውንም ማድነቅ ነው እትዬ። ቀለም ይለያል። በአረንጓዴው ቀን በዚያ ሰው በር ዝር አይልም። በአረንጓዴው ቀን ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ግን ሥራ ይበዛበታል፤ ጤነኛ ሰው ሥራ ቢበዛበት ምን ይደንቃል?

እህትየው ምን አለች? ምን ትላለች፣ ታላቅ ወንድሟ ነው። ፊት ለፊት ቆማ «ዋሸህ» ልትለው ነው? አፏን ይዛ ግማሽ ፈረቃ ጠየቀች፣ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገባች፣ ጠዋት ጠዋት አከራይዋ እንድታይላት ለመነች። አምስት ወር ሙሉ አረንጓዴ ሆነባት። ሲደክማት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰማያዊ አይታ «ተመስገን፣ ቀለም እንኳ አለ» ትላለች። … አይዘኑላት። ይልቅ አሁን የደረሰባትን ይስሙ።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ ላይ አንድ አንሶላ አቃጠለች። ካውያው ሥር ጭሱ ሲወጣ አብራት የምትተኩሰው ሴት ከማዶ ጮኸች፤ እሷ አፍንጫዋ ሥር ሆኖ አልሸተታትም። ሃያ ዓመት የተኮሰች ሴት፣ የጨርቅ መለብለብ ከሩቅ የሚሸታት። ወዲያው ገባት። ሄዳ ተመረመረች፣ ይኸው ዛሬ ጠዋት ውጤቱ መጣ፤ ይዟታል። አብረው እናትየውንም መርምረዋት ነበር፣ እሷ ነፃ ናት። እስካሁን ነፃ ናት። እህትየው ለራሷ አልፈራችም እትዬ። እውነቱን ልንገርዎት፣ የፈራችው እናቷን በገዛ ትንፋሿ እንዳትገድላት ነው። እነዚህን ሦስት ቀናት ስታገላብጣት ትንፋሼን… ትንፋሿን ይዛ ነበር። አዙራት፣ ትራሱን አስተካክላ፣ ወደ መስኮቱ ሮጣ ነው የምትተነፍሰው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «አንቺ ትገለያለሽ፣ እናትሽ ግን ዛሬውኑ ካንቺ ቤት መውጣት አለባት» አለች። የት? አንዱ ምርጫ የሕሙማን ማቆያ የሆነው ያ ትልቁ አዳራሽ ነው፣ አልጋው ከአልጋ የተጠጋበት፣ መቶ ሰው የሚያስልበት፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጥ እጅ የሌለበት። እዚያ ከገባች… እሱን አልጨርሰውም። ቀጥላ ጠየቀች፤ «ከቤተሰባችሁ ከሰው ጋር ያልተነካካ፣ ጤነኛ፣ ቤቱ የሚውል ሰው አለ?»

እትዬ ይሙቱ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሳቋ መጣ። «አለ ወይ ትይኛለሽ? እንዲህ ያለ ሰው በከተማው ሁለተኛ የለም» አለቻት። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ቆጣሪ አንባቢውን፣ ስልኩን። አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ መጨመር አያስፈልገውም። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «በሁለት መስታወት ያየውን ነው መጋለጥ ያለው? ይህማ ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነው» አለች። ከዚያ «የተባረከ ሰው ነው፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ራሱን ጠብቆ» ብላ ወረቀት ጻፈች። ማኅተም አለው። የሰውየው ስም አለ፣ የቤት ቁጥሩም አለ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? በሐኪም ምክር የሚያምን ሰው ነው፣ ምክሩ በጽሑፍ መጣለት።

ራዲዮው ጸጥ አለ መሰለኝ። የእርስዎ ነበር? … አይደለም? እንግዲያው ከየት ነው? አንዳንድ ቤት ውስጥ ዜና አይጥምም። በሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ማጮለቂያ መስታወትስ ያዩልኝ እስቲ፣ ጨለመች? … ጨለመች። ተነስቷል ማለት ነው፤ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው።

አምቡላንሷ ከታች ቆማለች። ወረቀቱን ይዤ መጥቼ የቤቱን በር ለተሸካሚዎቹ ላሳያቸው ብዬ ነው የቀደምኳቸው። ሁለት ጎረምሶች ናቸው፣ በዚህ ደረጃ ላይ አልጋ ይዞ መዞር ያስቸግራቸው ይሆናል እንጂ ይደርሳሉ። እኔ በኋለኛው ደረጃ እወርዳለሁ።

እርስዎ ልብስ ሰፊ ነዎት፣ ስለ ጨርቅ ይገባዎታልና አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ሌላ ሰው ቢሰማም አልከለክልም። አንሶላ አራት ቦታ ታጥፎ ከዳሌዋ ሥር ይገባል። ስትዞር አትገፋም፣ አንሶላው ይሳባል። ከተረከዟ ሥር ትንሽ ትራስ። ውሃ በማንኪያ፣ አገጯን ዝቅ አድርጋ፣ ካልሆነ ያንቃታል። ግራ እጇን ሲይዟት ታለቅሳለች፣ ቀኙ ግን አይሰማትም፤ ስለዚህ ሰው ሊያጽናናት ከፈለገ ግራውን ይያዝ። ይኸው ነው። አምስት ወር የፈጀብኝን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩዎት።

ማበጠሪያ አምጪ አለችኝ ዛሬ። አምስት ወር ማበጠሪያ አላስነካችኝም፣ ያማል እያለች። «ልጄ ቤት ልሄድ ነው፣ እንዲህ ሆኜ አያየኝም» አለች። ከሩቅ በረጅም እንጨት አላበጥራት፣ አከራይዋን ጠርቼ አስበጠርኳት። ተጎንጉናለች፣ ታምራለች፣ ያዩዋታል። አምስት ጊዜ የታመመ ነው የሚመስላት። «ምስኪን ልጄ፣ አምስት ጊዜ ይዞት አንድ ሰው ላይ አላጋባም» ትላለች። ምን ልበላት? እውነት ነው አልኳት።

ሌላም አለ። ስታረጅ ሐሳቧ ይሄድ ይመጣ የለ… ባገላበጥኳት ቁጥር ዓይኗን ጨፍና የምትጠራው የእሱን የልጅነት ስም ነው። እጄን ይዛ እሱን ነው የምትመርቀው። «ክንድህ ይበርታ፣ ከእኔ ጋር አርጅ» ትለዋለች። በቀን ስንት ጊዜ፣ አምስት ወር ሙሉ። እኔ ነኝ ብዬ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር፣ አልደብቅዎትም፣ በጣም ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ትቼዋለሁ። ከምርቃቱ አንዲቱንም ለራሴ አላስቀረሁም፤ ሁሉም የእሱ ነው፣ ዛሬ መጥቶ ይረከበው።

ሰሙ? የመጀመሪያውን ፎቅ ዞሩ። «ቀስ፣ ቀስ» የምትለው ድምፅ የእሷ ናት። ልሂድ እትዬ፣ እዚህ ቆሜ ትንፋሼን መንገዷ ላይ አልተው።

ከመሄዴ በፊት ግን የእኔንም ምርቃት ልጨምርለት፣ ለዚያ ለማውቀው ሰው። ለእናቱ መቶ ዓመት ይስጥልኝ፣ ከመቶም በላይ። ለእሱ ደግሞ ጤና፣ ሙሉ ጤና። አንዲት ቀን ራሱን አይመመው፣ አንዲት ቀን ጉንፋን አይጎብኘው፣ የታመመ ሰው በሕልሙም አይምጣበት። ወገቡን ያጽናለት፣ እንቅልፉን ያቅልለት፣ ከእናቱ አልጋ የሚለየው ሰበብ ሁሉ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ከፊቱ ይጥፋለት። አሜን ይበሉልኝ እትዬ… ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ከበሩ ወዲያ ያለውም አብሮ እንዲል።